«ብረት ይገባልሻል» ሲባል ምን ማለት ነው?

አክስቴ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ትልቅ ቡናማ ፖስታ በብብቷ ይዛ ነበር። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤቷ፣ የቀትሩ ሙቀት ገና ሳይበርድ፣ የኤምአርአይ ፊልሙን ከፖስታው እያወጣን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተን ተራ በተራ አየነው። ምን እያየን እንደሆነ ማናችንም አላወቅንም፤ አስተያየት ግን ሁላችንም ሰጠን። አንዱ «ችግሩ ይቺ ጥቁሯ ናት» ሲል ሌላው «ነጩ ነው እንጂ የሚያሰጋው» አለ። አክስቴ ፊልሙን ተቀብላ ወደ ፖስታው መለሰችና «ብረት ይገባልሻል ብለውኛል። ብረቱ ከገባ ዳንኩ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

መልስ የሰጣት ሰው አልነበረም። ነገሩ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ያንኑ የመሰለ ፖስታ ይዘው የሚመለሱ የድሬዳዋና የሐረር ሰዎች ደጋግመው ገጥመውኛል። ኤምአርአይ ድሮ ስሙ እንኳ የማይታወቅ ነበር፤ ዛሬ ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ ያወራዋል፤ «ብረት» የሚለው ቃልም አብሮት ሰፈር ገብቷል። ብረት የሚሉት የአከርካሪ አጥንቶችን በብሎንና በዘንግ ይዞ እንዲገጥሙ የሚያደርገውን ኦፕራሲዮን ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስለ ጤና የምጽፍ፣ አክስቴንም አጠገቧ ሆኜ ያስታመምኩ ሰው ነኝ። በእነዚያ ወራት የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ሰው ሁሉ የሚያወራለት ብረት ድጋፍ ብቻ መሆኑን ነው። የሚያድነው የአጥንቱ መግጠም ነው፤ አጥንት ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በሚመጡት ወራት፣ ቤት ውስጥ፣ ቀስ እያለ ነው የሚገጥመው።

አከርካሪያችን 33 አጥንቶች ተደራርበው የሠሩት ምሰሶ ነው። አንገት ላይ 7፣ ደረት ላይ 12፣ ወገብ ላይ 5 አሉ፤ ከዚያ በታች ያሉት ዘጠኙ አዋቂ ሰው ላይ እርስ በርስ ተጣብቀው የዳሌና የጭራ አጥንት ሆነዋል። በሚንቀሳቀሱት መካከል ዲስክ የሚባለው ትራስ ይገኛል። ከሁሉም በላይ የሚለፉት ሐኪሞች ኤል4፣ ኤል5 እና ኤስ1 እያሉ የሚጽፏቸው የታችኞቹ ናቸው። የአክስቴ ኤል4 በኤል5 ላይ ወደ ፊት ተንሸራትቶ የእግሯን ነርቭ ተጭኖ ነበር፤ ይህ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ የተለመደ ችግር ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ዲስክ መንሸራተት» ብሎ ጠራው። የተንሸራተተው ግን አጥንቱ ነበር። ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ኦፕራሲዮን እየተሻለ ይሄዳል፤ ኦፕራሲዮን ካስፈለገም የወጣችውን ቁራጭ ማንሳት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ብረት አያስፈልግም። ስለዚህ «ለጎረቤቴ ዲስክ ብረት ገብቶለት ድኗል» የሚል ወሬ ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ አያዋጣም።

ኦፕራሲዮኑ ላይ ሐኪሙ ጀርባን ከፍቶ ጡንቻውን ወደ ጎን ይገፋል፤ ነርቭ የተጫነውን አጥንት ያነሳል፤ ከዚያ በእያንዳንዱ አጥንት ላይ ሁለት ብሎን ያስራል። ሁለት አጥንት ለማጋጠም አራት ብሎን፣ በጎንና በጎን ደግሞ የሚያያይዟቸው ሁለት ዘንጎች ማለት ነው። አንዳንዴ በዲስኩ ቦታ ትንሽ ሣጥን መሰል ነገር ይገባል። ሰው የማያወራለት የመጨረሻው ሥራ ነው ዋናው፦ ከተነሳው አጥንት ወይም ከታማሚው ዳሌ የተወሰደ ፍርፋሪ አጥንት በሁለቱ መካከልና በጎናቸው ይጠቀጠቃል። ሁለቱ አጥንቶች አንድ የሚሆኑት ያ ፍርፋሪ ሕይወት ሲዘራ ነው።

ፎቅ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሶሌታ ሲሞላ ከሥሩ የባሕር ዛፍ እንጨት እንደ ጫካ ይደረደራል። አርማታው እስኪጠነክር ክብደቱን የሚሸከመው እንጨቱ ነው። ከጠነከረ በኋላ እንጨቱ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። አርማታው ሳይይዝ ቢቀርስ? እንጨቱ ዓመት አይሸከምም። ብሎኑም ታይታኒየም ሆነም አልሆነም እንደዚያው ነው፤ አጥንቱ ካልገጠመ በየዕለቱ መታጠፍና መነሳት እየደከመ ወይ ይላላል ወይ ይሰበራል። «ብረቱ ተሰበረባት» የሚባሉት ሰዎች ታሪክ ሲመረመር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከብረቱ ጥፋት ይልቅ ያልገጠመ አጥንት ነው።

የሚከፈል ዋጋም አለ። ሁለት አጥንቶች ከገጠሙ በኋላ በመካከላቸው የነበረው እንቅስቃሴ አይመለስም። ወገብ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ሲሆን ሰውየው ብዙም አይታወቀውም፤ ጎንበስ ስንል አብዛኛውን የሚታጠፈው ዳሌያችን ነውና። አንገት ላይ ግን እንደ ቦታው ነው። የላይኞቹ ሁለት አጥንቶች ቢጋጠሙ ወደ ጎን የመዞር አቅም ግማሽ ያህሉ ይቀንሳል። የባጃጅ ሾፌር ከሆኑ ይህን አስቀድመው ማወቅ አለብዎት።

ሕክምናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 በኒው ዮርክ ነው። ራስል ሂብስ እና ፍሬድ አልቢ የተባሉ ሐኪሞች በዚያው ዓመት በየፊናቸው ሥራቸውን አሳተሙ፤ አልቢ ከታማሚው ቅልጥም አጥንት ቆርጦ አከርካሪው ላይ ይተክል ነበር። ብሎንም ዘንግም ያኔ አልነበረም። ሲጀመር ዋና ዓላማው የአከርካሪ ቲቢ ነበር እንጂ ዛሬ የምናወራለት የወገብ ሕመም አልነበረም።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከበዛባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ቲቢ ደግሞ አጥንት ውስጥ ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚመርጠው አከርካሪን ነው። ለወራት የማይለቅ፣ ሌሊት የሚብስ፣ ከላብና ከክሳት ጋር የሚመጣ የጀርባ ሕመም፣ በተለይ ጀርባ ላይ ጉብታ መታየት ከጀመረ፣ የድካም ወገብ ሕመም አይደለም። ወጌሻ አልንቅም። ወለምታ ይዞኝ ሄጄ ያውቃል። ቲቢ የበላውን ወይም ከሲኖትራክ ወድቆ የተሰበረን አከርካሪ ማሸት ግን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ቲቢው በጊዜ ከተደረሰበት ብዙዎች ያለ ኦፕራሲዮን፣ በመድኃኒት ብቻ ይድናሉ፤ መድኃኒቱ ከሳንባው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይወሰዳል። ዘግይቶ ጀርባው ከጎበጠ ወይም እግር መስነፍ ከጀመረ ነው ብረቱ የሚመጣው።

ያለ ጥርጥር ይህ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። በመኪና አደጋ ወይም ከፎቅ ሥራ ላይ በመውደቅ አከርካሪያቸው ተሰብሮ የማይረጋላቸው፣ ጀርባቸው እየተጣመመ ወይም እየጎበጠ የሚሄድ ልጆች፣ ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን አጥንታቸውን የበላባቸው፣ እንደ አክስቴም አጥንቱ እየተንሸራተተ ነርቭ የሚጫንባቸው። ክርክር ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ስብራት የሌለበት፣ መንሸራተት የሌለበት፣ እግር ላይ የማይወርድ፣ «ወገቤን» ብቻ የሚል ሰው ብረት ያስፈልገዋል ወይ?

እዚህ ላይ ፊልሙ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን ምንም የማያማቸውን 3,110 ሰዎች ምርመራ አሰባስቦ አየ። ከ20 ዓመት ወጣቶች መካከል ከመቶ 37ቱ፣ ከ80 ዓመት አዛውንት መካከል ከመቶ 96ቱ ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ ተገኘ። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ የማያማቸው ሰዎች ናቸው። በሪፖርቱ ላይ «የዲስክ እርጅና» የሚል ጽሑፍ ያነበበ የአርባ ዓመት ሰው አልጋ ላይ ይወድቃል፤ ሪፖርቱን ባያነብ ኖሮ ግን ያ ሕመም እንደመጣ ይሄድ ይሆን ነበር። በእንግሊዝ አገር 349 ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በሁለት ከፍሎ፣ ከፊሎቹን በኦፕራሲዮን፣ ከፊሎቹን በተጠናከረ የአካል ብቃት ማገገሚያ ያከመው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱን ሲያወጣ ኦፕራሲዮኑ በግልጽ ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ስዊድናውያን ነርቭ መተላለፊያቸው የጠበበባቸውን 247 ሰዎች ተከታትለው ነርቩን ነፃ ከማውጣት ላይ ብረት መጨመሩ የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳዩ። ከእነዚያ መካከል አጥንታቸው የተንሸራተተ ብዙዎች ነበሩ። በዚያው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ፣ 66 ሰዎችን ብቻ የያዘ ሌላ ጥናት መጠነኛ ጥቅም አለው አለ። ሐኪሞቹ ራሳቸው እስካሁን ይከራከራሉ።

ታዲያ አክስቴ ለምን ብረት ገባላት? በእሷ ጉዳይ ሚዛኑን የደፋው ኤምአርአዩ አልነበረም። ጎንበስ ብላና ወደ ኋላ ተለጥጣ የተነሳችው ተራ ራጅ ነው። በሁለቱ ራጆች መካከል አጥንቱ ቦታውን ሲቀይር ታየ። ይህ ራጅ ከኤምአርአይ በእጅጉ የሚረክስ፣ ከእጅ የማይርቅ ምርመራ ነው፤ «ብረት» የተባለ ሰው ሁሉ «ጎንበስ ቀና ብዬ ተነስቻለሁ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አያፍርበትም። ሌላው መጠየቅ ያለበት «ነርቩን ነፃ ማውጣቱ ብቻ አይበቃኝም?» የሚለው ነው። ሦስተኛው «ይህ የሚያድነኝ እግሬን ነው ወይስ ወገቤን?»። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እግርን ነው። ከቂጥ ተነስቶ እስከ ጣት የሚወርደው የሚያቃጥል ሕመም ለኦፕራሲዮን እሺ ይላል። ወገብ ውስጥ ያለው ድብን ያለ ሕመም ይቀንስ ይሆናል እንጂ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብሎ ቃል የሚገባ ሐኪም ካጋጠመዎት ሌላ ሐኪም ያማክሩ። እርስዎን የሚያየው የድሬዳዋው ድልጮራ ወይም የሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሐኪም ሪፈር ጽፎ ወደ አዲስ አበባ ሲልክዎት እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈው ይሂዱ፤ ተራ ጠብቆ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉን ማስታወስ አይቻልም። ብረቱ ከሚነገረው ዋጋ ውስጥ ይሁን ወይም ለብቻው የሚገዛ እንደሆነም ያን ጊዜ ይጠየቃል። ደም ሊያስፈልግ ስለሚችል ዘመድ ማሰባሰቡም የዚያን ጊዜ ሥራ ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት በእኛ አካባቢ ሳይነሳ የማይታለፍ ጉዳይ ጫት ነው። ሰመመን ሰጪው «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰው «የለም» ይላል። ጫት መድኃኒት አይደለማ! ቅጠሉ ግን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለው፤ ይህ ከማደንዘዣው ጋር ሲገናኝ አስቸጋሪ ነው፤ ሐኪሙ ሳያውቅ ሲቀር ደግሞ ይብሳል። ሌሊቱን ሲቃም ያደረ ጭማቂ፣ በላዩም የተጠጣ ለስላሳ፣ ሆድን ባዶ አያደርገውም፤ ለማደንዘዣ ደግሞ ሆድ ባዶ መሆን አለበት። ማንም ሊፈርድበት ሳይሆን ከአልጋው በሰላም እንዲነሳ ነውና የሚጠየቀው እውነቱን መናገር ነው። ሲጋራና ሺሻ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ኒኮቲን ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠባል፣ አዲስ አጥንት እንዳያድግ ያደርጋል፤ የማይገጥሙ አጥንቶች በአጫሾች ላይ በብዛት የሚታዩትም ለዚህ ነው። ከሳምንታት በፊት ማቆም፣ ከኦፕራሲዮኑም በኋላ ለወራት አለመመለስ ግድ ነው። ሺሻውን በውኃ ውስጥ አልፏልና አይጎዳም የሚለው የበርጫ ቤት ጥበብ ለአጥንት አይሠራም። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን ማስተካከል አለበት፤ ካልሆነ ቁስሉ ይመረቅዛል።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ራሱ ለታማሚው አጭር ነው፤ ለቤተሰብ ነው የሚረዝመው። ሁለት አጥንት ለማጋጠም ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ቦታው ሲበዛ ከዚያም ይረዝማል። አክስቴን ሲያወጧት አላወቅናትም። ለሰዓታት በሆዷ ተኝታ ስለቆየች ፊቷ አብጦ ነበር፤ ይህን አስቀድሞ የነገረን ሰው ስላልነበረ እናቴ ኮሪደሩ ላይ ማልቀስ ጀመረች። እብጠቱ በማግስቱ ጎደለ። በጉሮሮ የገባው ቱቦ ድምጿን አጎርንኖታል፣ የሽንት ቱቦ አለ፣ ከቁስሉ ደም የሚቀዳ ሌላ ቱቦ ከጎኗ ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሕመሙ ከባድ ነው፤ ይህን ማለሳለስ አይገባም። በሁለተኛው ቀን ግን አስነስተው አቆሟት። «እግሬን የሚያቃጥለኝ የለም» አለች፣ ከምንም በፊት።

አነሳሱ ትምህርት አለው። ጉልበት ይታጠፋል፣ ትከሻና ዳሌ በአንድ ላይ እንደ ግንድ ወደ ጎን ይዞራሉ፣ እግር ከአልጋው ሲወርድ በክርን እየተገፋ ቀና ይባላል። ነርሷ በየጊዜው «እናቴ፣ ትከሻና ዳሌ አይቀዳደሙ» ትላት ነበር። ያ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ቀልድ ሆኖ ቀርቷል፤ ልጆቹ እንኳ ተጣልተው ሲጋፉ ይሉታል።

ብዙ ሰው በሦስትና በአምስት ቀን ውስጥ ከሆስፒታል ይወጣል። ለእኛ ለምሥራቆቹ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ነው። ስፌቱ የሚወጣው ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ የሚቻለው ሰው እስከዚያ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቢቆይ፣ ሲመለስም በአውሮፕላን ቢመጣ ይሻላል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና መምጣት ግድ ከሆነ በየሰዓቱ ወርዶ መራመድ ያስፈልጋል፤ የአከርካሪ ሕመምን ለማስታገስ ብቻ ሳይሆን እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ጭምር። ለሐረር ሰው ደግሞ ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ በኋላም ደንገጎ አለ፤ ያ ጥምዝምዝ ዳገት ጤነኛውንም ያንገላታል። ሾፌሩ ቸኩሎ እንዳይታጠፍ አስቀድሞ መነጋገር፣ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ዘንበል ማድረግ። ጀጎል ውስጥ የሚኖር ሰው ደግሞ መኪና ከማይገባበት ጠባብ መንገድ የቀረውን በእግሩ እንደሚሄድ ማሰብ አለበት። ይህ እንኳ ችግር አይደለም፤ መራመድ ለዚህ ሕመም መድኃኒት ነውና።

ቤቱ ግን ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። የእኛ ኑሮ ዝቅ ያለ ነው፦ በርጩማው ዝቅ ያለ፣ ምጣዱ ዝቅ ያለ፣ መጸዳጃው መሬት ላይ፣ የሐረሪ ቤት ነደባም (መደቡም) ቢሆን ምንጣፍ ላይ እግር አጥፎ መቀመጥን የሚጋብዝ። አዲስ ብሎን ያለበት ወገብ የሚጠላው ይህንኑ ነው። ለአክስቴ አናጢ ጠርተን መካከሉ የተቀደደ ወንበር አሠራንና መጸዳጃው ላይ አስቀመጥነው፤ በወጪ ከታሰበ ከሁሉ ያነሰው፣ በጥቅም ከሁሉ የበለጠው እሱ ነበር። ሐኪሙ ቀበቶ አዝዞላት ነበር፤ ሁሉም ሐኪም አያዝም። በድሬዳዋ ሙቀት ያ ቀበቶ ቅጣት ነው፤ ከሥሩ የጥጥ ካናቴራ ካልተለበሰ ቆዳን ይልጣል።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ሕጉ ጎንበስ አለማለት፣ ወገብን አለመጠምዘዝ፣ ከባድ አለማንሳት ነው። ስንት ነው ከባድ? ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይላሉ፤ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ጣሪያው ነው ማለት ነው። ሃያ ሊትር ውኃ የአራት ሰው ጣሪያ ነው። ቤት ውስጥ ውኃ ስትቀዳ የኖረች ሴት ይህን ሕግ የምትጠብቀው ሌላ ሰው ጀሪካኑን ሲያነሳላት ብቻ ነው። ለዚህ ነው በቤት ውስጥ ያለው ሰው ካልተስማማ ኦፕራሲዮኑ ግማሽ ነው የምለው።

ከሁሉ የከበደው ጠያቂው ነበር። የድሬዳዋ ሰው ታማሚ መጠየቅ ያውቅበታል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከመጋላም ከከዚራም፣ ብርቱካንና ስኳር ይዞ ይመጣል። አክስቴ ደግሞ እንግዳ ተቀምጦ ተኝታ የማታውቅ ሴት ናት። ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች፤ ማታ በሕመም አትተኛም። በሁለተኛው ሳምንት ነው የገባን፦ ለዚህ ወገብ ከመተኛትም ከመራመድም ይልቅ ረዥም መቀመጥ ይከብደዋል። የመጀመሪያ ሳምንታት ላይ በአንድ ጊዜ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ መቀመጥ ተገቢ አይደለም። የኋላ ኋላ ጎረቤቷ አንዲት እናት በሩ ላይ ወንበር ይዛ ተቀመጠችና «ግባ፣ እንኳን ማረሽ በል፣ ውጣ» እያለች ሕዝቡን አስተዳደረችው። እሷ ባትኖር ምን እንሆን እንደነበር እንጃ።

ስለ ጸሎትም ሰዎች ይጠይቃሉ። ለሰላት ሱጁድ መውረድም ሆነ በሕማማት መስገድ በመጀመሪያዎቹ ወራት አይሆንም። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ ስላላቸው ወንበር ላይ ሆኖ ይጸልያል። ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

መድኃኒት ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጠንካራ ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ፤ ውኃ፣ ገብስ፣ አትክልት፣ ካስፈለገም የሐኪም ማለስለሻ ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ጫት ከተጨመረ ድርቀቱ ሌላ በሽታ ይሆናል። ከመድኃኒት ቤት እንደ ከረሜላ የሚገዛው ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ደግሞ አጥንት መግጠምን ሊያዘገዩ ይችላሉ ብለው የሚከለክሉ ሐኪሞች አሉ፤ ሳይጠይቁ አይዋጡም።

ከዚያ የሚመጣው ጊዜ ረዥም ነው። ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በከዚራ ዛፎች ሥር መራመድ፤ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ሰዓት። የቢሮ ሥራ ያለው ሰው ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይመለሳል። ሸክም የሚሸከም፣ በኮብልስቶን ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ግን ግማሽ ዓመት ሊጠብቅ፣ አንዳንዱም ሥራ ሊቀይር ይገደዳል፤ ይህን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መስማት ጭካኔ ነው። ሦስተኛው ወር አካባቢ አክስቴ ተስፋ ቆርጣ ነበር። የእግሯ ቃጠሎ በመጀመሪያው ቀን ጠፍቷል፤ የአውራ ጣቷ መደንዘዝ ግን አለ፤ ወገቧም ጠዋት ጠዋት ይገትራታል። ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚያገግመው፤ ለረዥም ጊዜ ከተጫነ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል። የዚያ ጣት መደንዘዝ ዛሬም አለ። አጥንቱ ራሱ በራጅ ላይ መግጠሙ የሚታየው ከስድስት ወር በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ነው።

የሚበላሽበትም መንገድ አለው። ቁስል ሊመረቅዝ፣ የነርቭ ሽፋን ተቀዶ ፈሳሽ ሊወጣ፣ ብሎን ነርቭ ሊነካ፣ አጥንቱ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከገጠመው በላይ ወይም በታች ያለው አጥንት የእሱን ሥራ ደርቦ ስለሚሠራ ሊያረጅና ሌላ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚፈስ ነገር፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና መቅላት፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ቀጠሮ አይጠበቅባቸውም። ሽንት ከቆመ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ድንዛዜ ከመጣ ወይም እግር ከሰነፈ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት ሆስፒታል ነው፤ ኦፕራሲዮን የተደረገለትም ያልተደረገለትም።

«ብረቱ ይዝጋል?» ታይታኒየም አይዝግም። «ብርድ ይስባል?» ሐረር ከድሬዳዋ ወደ 700 ሜትር ያህል ከፍ ያለና ቀዝቃዛ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ከዚያ በብዛት ይመጣል፤ ጠዋት መገተር የጡንቻው ነው፣ ብረቱ ቅዝቃዜ አይሰበስብም። «ይወጣል?» ካላስቸገረ በቀር ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። ኤምአርአይ መነሳት ይቻላል፤ ብረት እንዳለ መናገር ብቻ ነው።

በአሥራ አንደኛው ወር አክስቴን ይዣት ለራጅ ሄድን። ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ በብሎኖቹ መካከል እንደ ደመና ነጣ ያለውን በጣቱ አሳያት፤ አጥንቱ ገጥሟል። እሷ ስለ ደመናው ምንም አላለችም። «እንጀራ መጋገር እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችው። «ምጣድዎ ምን ያህል ከፍ ይላል፣ እናቴ?» አላት። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አሳየችው። «እዚህ ድረስ ይምጣ» አለና የራሱን ሆድ ነካ። በዚያው ሳምንት ወንድሜ ብሎኬት ደርድሮ ምጣዱን ከፍ አደረገው፤ ቅዳሜ ጋገረች።